የእናቴ ሁለት ጥርስ ተነቀለ፣ ሕመሙ ግን እዚያው አለ

የቆጪዋ (ጠያቂ) · ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። የዛሬ አምስት ወር አንድ ጠዋት ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ስታደርግ ቀኝ ጉንጯን መብረቅ የመሰለ ነገር መታት። እኔ የወጣሁት ኩስኩስቱ ከእጇ ሲወድቅ ድምፁን ሰምቼ ነው። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗን ጨፍና፣ ቀኝ እጇን ወደ ፊቷ አንሥታ፣ ግን ሳትነካው ደርቃ ቀርታ ነበር። ሃያ እስኪቆጠር ቢቆይ ነው። ከዚያ ለቀቃትና ምንም እንዳልነካው ሰው ተነሣች።

ከዚያ ወዲህ በቀን አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ይመላለስባታል። ውሃ ሲነካት፣ እንጀራ ስታላምጥ፣ ስታወራ፣ ባጃጅ ላይ ተቀምጣ ነፋስ ፊቷን ሲመታት። ሌሊት ግን ደህና ትተኛለች። ጥርስ ነው ብለን ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ከላይ በቀኝ በኩል ያለው መንጋጋዋ ተነቀለ። ለአራት ቀን ያህል ቀለል ያላት መሰለን። ተመለሰ። አጠገቡ ያለውም ተነቀለ። ያው ነው። የተነቀለውን ጥርስ በወረቀት ጠቅልለው ሰጥተውኝ አይቼዋለሁ፤ አልተቦረቦረም፣ ሥሩም ሙሉ ነው። አሁን ደግሞ ለሐሙስ የሦስተኛው ቀጠሮ ተሰጥቶናል።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ በቀን አምስት ጊዜ ፊቷን ትታጠባለች። ውሃውን በእፍኟ ይዛ ወደ ፊቷ ለማድረስ ስትፈራ ቆሜ አያለሁ። ፊቷ ላይ ቁስል የለም፣ እብጠት የለም፣ ቅላት የለም። ታዲያ ሕመሙ ከየት ይመጣል? ሦስተኛው ጥርስስ ይነቀል ወይስ ይቆይ?

አዌቱ ዳር · ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡02

አላህ ያሽራቸው። ምች ሊሆን ይችላል። እኛ ቤት ፊት ላይ ድንገት የሚመታ ሕመም ሲመጣ ዳማከሴ ጨምቀን ነው የምንቀባው። ሞክሪው፣ አይጎዳም።

የመንደራ ነርስ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡20

እህቴ፣ ሐሙስ አትውሰጃቸው። ጥርስ አንዴ ከተነቀለ አይመለስም፤ ቀጠሮ ግን ይራዘማል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ እናትሽ ሕመሙን ራሳቸው በምን ቃል ነው የሚጠሩት? «ይጠዘጥዘኛል» ነው የሚሉት፣ «ያቃጥለኛል» ነው ወይስ «ይቆረጥመኛል»? ተራ ላይ ታካሚ ስቀበል መጀመሪያ የምጽፈው ይህንን ቃል ነው።

የቆጪዋ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡31

«ነዘረኝ» ነው የምትለው። ሁልጊዜ «ነዘረኝ»። ሌላ ቃል ተጠቅማ አታውቅም።

የሰውነት አሠራር መምህር · ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡50

ለጤና ተማሪዎች የሰውነትን አሠራር አስተምራለሁ፤ ታካሚ የማይ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ረዥም ነው፣ ምክንያቱም «ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄሽ በሁለት መስመር አይመለስም። ደግሞም መልሱን ካወቅሽ ሐሙስ ምን እንደምታደርጊ ራስሽ ትወስኛለሽ።

ከጻፍሽው ሁሉ ያስቆመኝ እጃቸው ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው ጉንጩን ይይዛል፣ ያሻል፣ በነጠላ ጠፍሮ ያስራል። ይህን የሚያደርገው ስለሚቀለው ነው። የመዳሰስን ስሜት የሚያደርሱት ወፋፍራም የነርቭ ክሮች ሲቀሰቀሱ፣ ሕመም የሚያልፍበትን መንገድ ያጠቡታል። ሮናልድ ሜልዛክ እና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ይህንን ከበር ጋር አመሳስለው ጽፈውታል፤ ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም ዋናው ሐሳብ እስከ ዛሬ ይሠራል። የእናትሽ እጅ ግን አየር ላይ ቆሟል። እርሳቸው ዘንድ መዳሰስ ሕመሙን አያስታግስም፤ ይጠራዋል። ይህ ጥርስ የሚያሳየው ጠባይ አይደለም።

የፊታችን ስሜት የሚጓዘው በአብዛኛው በአንድ ነርቭ ነው፤ ትራይጀሚናል ይባላል፣ ከራስ ቅል ነርቮች አምስተኛው ነው። በቀኝና በግራ አንድ አንድ አለን። ሦስት ቅርንጫፍ አለው። የላይኛው ግንባርንና ዓይንን፣ መካከለኛው ጉንጭን፣ የላይኛውን ከንፈርና የላይኛውን ጥርስ፣ የታችኛው አገጭንና የታችኛውን ጥርስ ይይዛል። የምናኝክባቸውን ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሰውም ይኸው የታችኛው ነው። ሦስቱ ቅርንጫፎች ራስ ቅል ውስጥ ገብተው አንድ ቋጠሮ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በአንድ ግንድ ወደ አንጎል ግንድ (አንጎልን ከአከርካሪ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ይገባሉ። የሕመም መልእክት እዚያ ገብቶ ወደ ታች፣ እስከ አንገት የላይኛው ክፍል ድረስ ይወርድና ነርቭ ይቀይራል። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ተሻግሮ ወደ ላይ ይወጣል። የአንገትም መልእክት እዚያው ስለሚደርስ፣ አንገቱ የታመመ ሰው ግንባሬን አመመኝ ሊል ይችላል።

ጤናማው ሕመም እንዲህ ነው። ምስር ወጥ ውስጥ ጠጠር ነከስሽ እንበል። የጥርሱ ሥር ላይ ያሉት እርቃናቸውን የሆኑ የነርቭ ጫፎች ይቀሰቀሳሉ። ስስ ሽፋን ያላቸው ክሮች ሹሉን ሕመም በሴኮንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ፍጥነት ያደርሱታል፤ ሽፋን የሌላቸው ደግሞ በሴኮንድ ከ2 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ደብዘዝ ብሎ የሚቆየውን ይዘው ይከተላሉ። ጠጠር መሆኑን ከማወቅሽ በፊት አፍሽ ተከፍቷል፤ መንጋጋን የሚያስከፍተው ትእዛዝ የሚወጣው ከአንጎል ግንድ ነውና እስክታስቢ አይጠብቅም። ከዚያ ሕመሙ ያበቃል። ሥራውን ሠርቷል።

እናትሽ ዘንድ ግን ጠጠር የለም። የገለጽሽው ሁሉ ከትራይጀሚናል ኒውራልጂያ፣ ማለትም ከዚሁ ነርቭ ሕመም ጋር ይገጥማል፦ በአንድ ጎን፣ ከቅጽበት እስከ ሁለት ደቂቃ የሚቆይ፣ የሚነዝር፣ በቀላል ንክኪ የሚቀሰቀስ፣ ከ50 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች በተለይም በሴቶች ላይ የሚበዛ፣ ከግራ ይልቅ ቀኝን የሚያዘወትር። በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ የሚገኘው ምክንያት ይህ ነው፦ ነርቩ ወደ አንጎል ግንድ በሚገባበት ቦታ አንድ የደም ሥር ተጠግቶ ይተኛበታል። ብዙ ጊዜ ወደ ትንሹ አንጎል የሚሄደው የላይኛው ደም ወሳጅ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የደም ሥር ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል። በእያንዳንዱ የልብ ምት ነርቩን እየገፋ ሽፋኑን ይልጠዋል። ሽፋናቸው የተላጠ ሁለት የኤሌክትሪክ ገመዶች ጎን ለጎን ሲሆኑ ምን እንደሚፈጠር ታውቂዋለሽ። የመዳሰስ ክር ውስጥ የገባው መልእክት ወደ ሕመም ክር ይዘልላል። የውዱእ ውሃ በመዳሰስ ክር ይገባል፤ አንጎል ግን መብረቅ ይቀበላል።

ብልሽቱ ያለው ራስ ቅል ውስጥ ሆኖ ሕመሙ ጥርስ ላይ የሚሰማው፣ አንጎል መልእክቱ በመንገድ ላይ ተነሣ ብሎ ስለማይጠረጥር ነው። ክሩ የጥርስ ከሆነ ጥርሱ ነው ብሎ ይፈርዳል። የአራት ቀኑ እፎይታም አያሳስትሽ፤ ይህ ሕመም በራሱ ጊዜ ፋታ ይሰጣል። ለቀናት የሚጠፋበት ሰው አለ፣ ለወራትም የሚጠፋበት አለ።

ሌሊት መተኛታቸው፣ ቁስል አለመኖሩ፣ የተነቀለው ጥርስ ጤናማ መሆኑ ሁሉም ወደዚያው ያመለክታል። የነርቭ ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ይያቸው።

የጥርስ ሐኪም ከሄርማታ · ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡15

መምህሩ ያለው ትክክል ነው። ሆኖም የጥርስ ሐኪሞች ሁሉ ዝም ብለው ይነቅላሉ ተብሎ እንዳይታሰብ እፈልጋለሁ። ታካሚው ጣቱን ጥርሱ ላይ አድርጎ «ይኼ ነው፣ ንቀልልኝ» ብሎ ሲለምን እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። እውነተኛ የጥርስ ሕመምም አቅጣጫ ያሳስታል። የውስጡ ነርቭ ሲቆጣ ሰው የትኛው ጥርስ እንደሆነ፣ አንዳንዴም ከላይ ይሁን ከታች መለየት ያቅተዋል፤ ከብዙ ጥርሶች የሚመጡ ክሮች በአንጎል ግንድ ውስጥ በአንድ ሕዋስ ላይ ስለሚያርፉ። ከቀኝ ወደ ግራ ግን አይሻገርም።

ልዩነቱን ልንገርሽ። የጥርስ ውስጥ ሥጋ በደረቅ ግድግዳ የታጠረ ነው። ሌላ አካል ሲቆጣ ያብጣል፣ ቆዳውም ይለጠጣል፤ ጥርስ ግን የሚለጠጥበት ስለሌለው ግፊቱ ነርቩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከልብ ምት ጋር ይጠዘጥዛል፣ ጋደም ሲሉ ይብሳል፣ ሌሊት ያስነሣል። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ይጀምርና ቀዝቃዛው ከተነሣ በኋላም ይቆያል። እኔ ከመንቀሌ በፊት ቀዝቃዛ አስነካለሁ፣ በመሣሪያ ጀርባ ቀስ ብዬ አንኳኳለሁ፣ ራጅ አነሣለሁ። ሦስቱም ደህና ነው ካሉኝ እጄን እሰበስባለሁ። ሐሙስ ከሄድሽ እነዚህ ተደርገው እንደሆነ ጠይቂ። የመጠየቅ መብት አለሽ።

የፋርማሲ ተማሪ · ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡30

«ነዘረኝ» እና «አቃጠለኝ» ስለሚሉት ቃላት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ትምህርት ደስ ስለሚለኝ ነው። ሚጥሚጣ ምላስን አያሞቅም፤ ሙቀቱ ያው ነው። ሆኖም ሁላችንም «አቃጠለኝ» እንላለን፣ እውነታችንንም ነው። ካፕሳይሲን የተባለው የቃሪያና የበርበሬ ንጥረ ነገር፣ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ሲነካው የሚከፈተውን የነርቭ በር ይከፍተዋል። ዴቪድ ጁሊየስ እና ባልደረቦቹ ይህንን በር እ.ኤ.አ. በ1997 ለይተው አሳዩ፤ በ2021 ጁሊየስ የኖቤል ሽልማቱን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተካፈለ። አንጎል የሚያውቀው የትኛው በር እንደተከፈተ ነው፤ ማን እንደከፈተው አያውቅም።

የቡና ነጋዴ · ረቡዕ ከቀኑ 6፡10

እኔን ደግሞ ስሙኝ። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አልማዝ ባለጭራ በግራ ግንባሬ ላይ ወጣብኝ፣ እስከ ዓይኔ ሽፋን ወረደ። ሽፍታው በሦስት ሳምንት ደረቀ። ሕመሙ ግን ቀረ። እናትህን ይነዝራታል ብለሃል ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ብለሻል እህቴ፤ እኔን ግን ቀን ከሌት ያቃጥለኛል። ኮፍያ ማድረግ አልችልም። ትራስ ላይ በግራ በኩል አልተኛም። በመጋዘን ውስጥ የቡናው ገለባ ብን ብሎ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ እንደ ፍም ይሰማኛል። አንድ ሐኪም ቤት «ቆዳህ ድኗል፣ ጭንቀት ነው» ተብዬ ወጣሁ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ሳልሄድ እስኪመሽ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

የሰውነት አሠራር መምህር · ረቡዕ ከምሽቱ 1፡45

ወንድሜ፣ ሕመምህ እውነተኛ ነው፤ ስምም አለው። ቆዳህ ድኗል፤ ነርቩ ግን አልዳነም። በልጅነት ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣው ቫይረስ ከሰውነት አይወጣም፤ በነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተኝቶ ዕድሜ ሲገፋ ወይም የመከላከል አቅም ሲዳከም ይነሣል። ያንተ የተነሣው ከላይኛው ቅርንጫፍ ነው። ሲነሣ የነርቭ ክሮችን ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል። ሽፍታው ከጠፋ ከሦስት ወር በላይ የሚቆየው ሕመም ከዚህ የሚመጣ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና ቀስ ብዬ ልጻፈው። ሥር የሰደደ ሕመም ማለት ድንገተኛው ሕመም ሳይድን ቆየ ማለት ብቻ አይደለም። መሣሪያው ራሱ ተለውጧል። ከተጎዳው ነርቭ መልእክት ሳያቋርጥ ሲጎርፍ፣ አንጎል ግንድ ውስጥ ተቀባዩ ሕዋስ ጆሮውን ያሰፋል። በተራ ጊዜ በማግኒዥየም የሚዘጋ አንድ በር አለው፤ ጎርፉ ሲበዛ ማግኒዥየሙ ይገፋና ካልሲየም ይገባል፣ ሕዋሱም ለወትሮው ዝም ይለው ለነበረው ነገር ሁሉ መጮህ ይጀምራል። ክሊፎርድ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህንን ለውጥ በአከርካሪ ውስጥ አሳይቷል፤ በፊት ነርቭ መንገድም እንዲሁ ይሆናል። የገለባው ብናኝ እንደ ፍም የሚሰማህ ለዚህ ነው። ብናኙ የመዳሰስ ክር ነው የነካው፣ የተቀበለው ሕዋስ ግን ከመጠን በላይ ነቅቷል።

ከላይ ወደ ታች የሚወርድም መንገድ አለ። ከመካከለኛው አንጎል የሚነሣ፣ ሰውነት ራሱ በሚያመርታቸው ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮች ሕመምን የሚያዳክም። ያው መንገድ ሕመምን ሊያጎላም ይችላል። እንቅልፍ ማጣትና ፍርሃት ወደ ማጉላቱ ይገፉታል። «ጭንቀት ነው» ያለህ ሰው ከዚህ አንዲት ቁራጭ ሰምቶ ይሆናል፤ ጭንቀት ሕመሙን ያጎላዋል፣ ያንተን ሕመም የፈጠረው ግን የተቃጠለው ነርቭ ነው። ለዚህ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ፤ አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን አንዱ ነው፣ ጋባፔንቲንም አለ። «ለድብርት ነው ወይስ ለሚጥል በሽታ?» ብለህ ወረቀቱን አይተህ አትመልሰው። እዚህ የሚሰጡት ለነርቩ ነው።

የመንደራ ነርስ · ረቡዕ ከምሽቱ 2፡05

ለሚያነብ ሁሉ፦ አልማዝ ባለጭራ ፊት ላይ ሲወጣ «ይደርቃል» ብላችሁ አትጠብቁ። ፀረ ቫይረስ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። የአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን አደጋ ላይ ነው፤ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ።

አዌቱ ዳር · ረቡዕ ከምሽቱ 2፡22

ምች ማለቴ ስሕተት ነበር?

የሰውነት አሠራር መምህር · ረቡዕ ከምሽቱ 2፡40

ከንፈር ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውን ምች ካልህ፣ እርሱም ከዚሁ ነርቭ ጋር የተያያዘ ነው። ምችን የሚያመጣው ቫይረስ የሚደበቀው በዚያው የትራይጀሚናል ቋጠሮ ውስጥ ነው፤ ትኩሳት ወይም ፀሐይ ሲበረታ በነርቩ ተጉዞ ከንፈር ላይ ይወጣል። እናታችን ዘንድ ግን የቋጠረ ነገር አልታየም። ደግሞ ዳማከሴ ለመቀባት ጉንጫቸው ይታሻል፤ ይህ ለእርሳቸው ያው መብረቁን መጥራት ነው።

ጊንጆ · ሐሙስ ከቀኑ 10፡30

የእኔ ግራ ጆሮ ፊት ለፊት ይቆረጥመኛል፣ አፌን ስከፍት «ቀጭ» ይላል። ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጫት እቅማለሁ፣ ሁልጊዜ በግራ ጉንጬ። ነርቭ ይሆን?

የጥርስ ሐኪም ከሄርማታ · ሐሙስ ከምሽቱ 12፡50

የመንጋጋ መገጣጠሚያህና የማኘኪያ ጡንቻህ ይመስለኛል። በአንድ ጎን አራት አምስት ሰዓት ያለ ፋታ ያኘከ ጡንቻ እንደ ማንኛውም ጡንቻ ይደክማል፣ ይቆጣል። መልእክቱን የሚወስደው ያው አምስተኛው ነርቭ ነው፣ ስለዚህ ጆሮንና ጆሮ ግንድን ያመመ ይመስላል። ለጥቂት ሳምንት ጫቱን ተው፣ ለስላሳ ብላ፣ ሞቅ ባለ ፎጣ ያዘው፣ ሌሊት ጥርስህን የምታፋጭ ከሆነ ቤተሰብ ጠይቅ። ካልተሻለህ ና።

የመንደራ ነርስ · ሐሙስ ከምሽቱ 1፡10

እኔም አንድ ልጨምር፦ ዳገት ሲወጡ ወይም ሸክም ሲያነሡ የሚጀምርና ሲያርፉ የሚለቅ የታችኛው መንጋጋ ሕመም የልብ ሊሆን ይችላል። ወደ ጅሬን ሲወጡ መንጋጋዬን ያመኛል የሚል ዘመድ ካላችሁ የጥርስ ሐኪም ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

የቆጪዋ · ከ24 ቀን በኋላ፣ እሑድ ከጠዋቱ 3፡15

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ሐሙስ አልሄድንም። በማግስቱ የውስጥ ደዌ ሐኪም አይቷት ወደ ነርቭ ሐኪም ላካት። እርሱ በጥጥ ጫፍ የአፍንጫዋን ጎን ገና ነካ ሲያደርገው ነዘራት። «በቃ፣ ይቅርታ እናቴ» ብሎ ጥጡን ጣለው። ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ነው አለን፤ ካርባማዜፒን በትንሽ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨመር አዘዘላት። ኤም አር አይም ጻፈልን፣ ሌላ ነገር ነርቩን እንዳልተጫነው ለማየት።

በአምስተኛው ቀን በቀን ወደ ሁለት ወረደ። አሁን ስድስት ቀን ሆኗታል ምንም ሳይነካት። ያዞራታል ግን፣ ጠዋት ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለች። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ ወራት ሙሉ ያልሠሩት ይህ ለምን ሠራ? ሁለተኛ፣ ትኩስ ነገር ፈርታ ቡና ካቆመች ወዲህ ግንባሯን በሙሉ ይከብዳታል፤ አዲስ በሽታ ይሆን?

የሰውነት አሠራር መምህር · እሑድ ከቀኑ 5፡00

አልሐምዱሊላህ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ለእናትሽ በእርሳቸው ቃል ላመስግን።

ዳይክሎፌናክ የሚሠራው ቁጣ ባለበት፣ ባበጠና በቀላ ሥጋ ላይ ነው። እናትሽ ጋ የተቆጣ ሥጋ የለም፤ የሚተኩስ ክር ነው ያለው። ነርቭ የሚተኩሰው ሶዲየም በጠባብ በሮች ሲገባ ነው። ካርባማዜፒን እነዚያን በሮች ይዞ፣ በፍጥነት ደጋግሞ የሚተኩሰውን ክር ያረጋጋዋል። ለሚጥል በሽታም የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ሲግፍሪድ ብሎም የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1962 ለዚህ ሕመም እንደሚሠራ ጻፈ፤ እስከ ዛሬም የመጀመሪያ ምርጫ ነው።

ማዞሩ የታወቀ ነው፤ መጠኑ ሲጨመር ይብሳል፣ ለሐኪሙ ንገሪው። የደም ሶዲየምም ሊያወርድ ስለሚችል ምርመራው አይዘለል። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ መድኃኒቱን አቁመው በዚያው ቀን ይታዩ። ሽፍታ ሳይኖር ግን ተሽሏቸዋል ብላችሁ በድንገት አታቋርጡት። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ይነገር፤ ይህ መድኃኒት የሌሎችን ኃይል ይቀንሳል።

ግንባራቸው የቡናው ነው። ቡና የለመደ አንጎል ካቆመ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ይጀምረዋል፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት ወይም በዘጠኝ ቀን ውስጥ ይለቃል። ይቅርታ ጅማ ላይ ሆኜ ቡና አቁሙ አልልም፤ ለብ ያለ በትንሽ ሲኒ ይሞክሩ።

የቡና ነጋዴ · እሑድ ከቀኑ 9፡20

እኔም ሄጄ ነበር። አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ። ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አሁንም ያቃጥላል፣ ግን ትናንት በግራዬ ተኝቼ ነው ያደርሁት።

የቆጪዋ · እሑድ ከምሽቱ 1፡35

ዛሬ ለመግሪብ እናቴ ኩስኩስቱን ራሷ ሞላች። ውሃውን ለብ አድርጌላት ነበር። በእፍኟ ይዛ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ፊቷን ታጠበች። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው እጇን ጉንጯ ላይ እንዳሳረፈች ቆየች፣ ውሃው በክንዷ እየወረደ። የሶዲየም ምርመራው ማክሰኞ ነው፤ ውጤቱን እጽፋለሁ።